የባሕረኛው መዝገብ

ወረታ ወደብ አላት ብዬ ለልጄ ስነግረው አላመነኝም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ተጣበን ነበር የምንጓዘው። «ወደብ ማለት መርከብ የሚቆምበት አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። ነው። የወረታው ግን ደረቅ ወደብ ነው፤ ኮንቴይነር በከባድ መኪና ተጭኖ መጥቶ የሚራገፍበት ሰፊ ግቢ። የባሕር ውኃ ነክቶት አያውቅም። የ11 ዓመት ልጅ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር በቀላሉ አያልፍም። «መርከብ ከሌለው ለምን ወደብ ይሉታል?» ብሎኝ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ወረታ መርከብ ባይኖራትም ባሕረኛ አላት። ጉዟችንም ወደ እሳቸው ነበር።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። እኛ ቤተሰቦቻቸው «አያ» እንላቸዋለን፤ የሠፈሩ ሽማግሌዎች «ባሕረኛው» ይሏቸዋል፤ የሜዳው ገበሬ ደግሞ «የፓምፑ ሰውዬ» ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸው ወደ 70 ተጠግቷል። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል የሞተር መካኒክ ነበሩ። ባለፈው ጥር ደውለው «ልጁን ይዘህልኝ ና። የማሳይህ ነገር አለ፤ ምስጥ ሳይቀድመን» አሉኝ። መንገዱ እንዴት ነው እያልን እዚህም እዚያም ደውለን ካጣራን በኋላ ተነሳን።

ከባሕር ዳር ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሐሙሲትን አልፈው ጉማራን ሲሻገሩ መሬቱ በድንገት ይዘረጋል። የፎገራ ሜዳ ነው። በስተ ምሥራቅ የደብረ ታቦር ተራሮች ከሩቅ ይታያሉ፤ በስተ ምዕራብ ግን ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለም፤ ሜዳው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጣና ውስጥ ይገባል። በክረምት ርብና ጉማራ ከአፋቸው ሲወጡ ሜዳውና ሐይቁ የት ጋ እንደሚለያዩ ለመናገር ያስቸግራል። በሕፃንነቴ የማስታውሰው ፎገራ የከብት አገር ነበር፤ በትልልቅ ላሞቹ ነበር የሚታወቀው። ዛሬ ስሙን የሚያስጠራው ሩዝ ነው። በ1970ዎቹ ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሩዝ ሲሞክሩ ብዙ ሰው «ረግረግ ላይ ምን ሊበቅል!» ብሎ ሳቀ ይባላል። አሁን ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የተቋቋመው እዚሁ ወረታ ላይ ነው።

ከተማዋ ራሷ የመንገድ ልጅ ናት። ወደ ጎንደር የሚያልፈው ያልፍባታል፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚሄደው ደግሞ ከእሷ ይታጠፋል። በደርግ ጊዜ ቻይናዎች ያንን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራ ለተራራ የሚሄድ መንገድ ሲሠሩ መነሻው ወረታ ሆነች። መገንጠያው ላይ ባጃጅ፣ አይሱዙና የሽንኩርት ጆንያ ተቀላቅሎ ይተራመሳል። ሌላ የሚታይ ነገር አለ ብዬ አላጋንንም።

የአያ ግቢ ስንደርስ መጀመሪያ የተቀበለን የናፍጣ ሽታ ነው። ዋንዛው ሥር ሰባት ስምንት የውኃ መሳቢያ ሞተር ተደርድሯል፤ አንዳንዱ ራሱ ተፈትቷል፣ አንዳንዱ ገና በአህያ መጥቶ ከእነ ገመዱ የተቀመጠ ነው። ጥር የፎገራ ሽንኩርት ውኃ የሚጠማበት ወር ነው። ገበሬው ሩዙን አጭዶ ካስገባ በኋላ ከርብና ከጉማራ ውኃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ሞተሩ ለሁለት ቀን ቢቆም ማሳው ይጠወልጋል። ስለዚህ በበጋ የአያ ግቢ እንደ ጤና ጣቢያ ወረፋ አለው፤ የሚጠብቁት ሰዎችም ልክ ታማሚ እንዳስገባ ሰው ፊታቸው ይጨነቃል።

ባለቤታቸው፣ እቴቴ፣ ሩዝና ጤፍ የተቀላቀለበት ነጭ እንጀራ አቀረቡልን። ልጄ ገና ሁለት ጉርሻ ሳይጎርስ ጥያቄውን ጀመረ።

«አያ፣ እውነት መርከብ ላይ ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«ካፒቴን ነበሩ?»

አያ ሳቁ። «ካፒቴኑ ላይ ሆኖ ባሕሩን ያያል። እኔ ታች ሆኜ ሞተሩን ነበር የማየው። ስንት ዓመት ቀይ ባሕር ላይ ኖርኩ፤ ባሕሩን ያየሁት ግን ምናልባት አንተ በቴሌቪዥን ካየኸው አይበልጥም።»

ይህ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ስለ ባሕር ኃይላችን ስናወራ ሁላችንም የምናነሳው ትልቋን መርከብ፣ «ኢትዮጵያ»ን ነው። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባሕር አውሮፕላኖችን እንድታግዝ የሠሯት ባለ 95 ሜትር መርከብ ነበረች፤ ያኔ ስሟ «ኦርካ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ሥራ ጀመረች፤ በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠችና ስሟ ተቀየረ። ንጉሠ ነገሥቱ ምጽዋ ሲወርዱ የሚነሱት ፎቶግራፍ ውስጥ ያለችው እሷ ናት። የአያ መርከቦች ግን እነዚያ ስም እንኳ የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸው የቅኝት ጀልባዎች ነበሩ። «ለትልቋ ባንድ ይነፋላታል» አሉ አያ፤ «ሌሊት የሚወጡት ግን ትንንሾቹ ናቸው። በሐምሌ፣ ምጽዋ ላይ፣ ከሁለት ሞተር መሐል ቆመህ እደር። ሲኦልን ለማስፈራሪያ የሚነግረኝ ቄስ አልፈልግም ከዚያ ወዲህ።» እቴቴ «እርስዎ ደግሞ!» ብለው ተቆጡ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በዕድሜ የገፋ አንባቢ ያውቀዋል። የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ወደቀች። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲፈርስ መርከቦቹ ያላቸውን ሰው ጭነው ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተበተኑ። «ኢትዮጵያ»ም የመን ገባች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለብረትነት ተሸጠች። የቀሩት ጥቂቶቹ መጨረሻ ላይ ጅቡቲ ነበሩ። ሥራ ላይ ያልዋለ መርከብም ቢሆን የቆመበት ይከፈልበታልና የወደብ ዕዳው ተጠራቀመ። እ.ኤ.አ. በ1996 የጅቡቲ መንግሥት መርከቦቹን ይዞ ለጨረታ አቀረባቸው። ኤርትራ 16ቱን ጠይቃ በመጨረሻ አራት ብቻ ወሰደች፤ የተረፈው ለቁርጥራጭ ብረት ሄደ። በ1940ዎቹ መጨረሻ የኖርዌይ መኮንኖች እያገዙ ያቋቋሙት ኃይል ታሪኩ የተዘጋው ባልተከፈለ የወደብ ሂሳብ ነው።

አያ ከየመን ወደ አገራቸው የተመለሱት በዓመቱ ነው። ወረታ ሲደርሱ ባሕር የሚባል ሥራ የለም። ለጥቂት ጊዜ የወፍጮ ቤት ሞተር አንቀሳቀሱ። ከዚያ ፓምፑ መጣ።

በማግስቱ ጠዋት «ሐይቁን ካላየን ልጁ አያምነንም» ብለው ወደ ናበጋ ወሰዱን። ባጃጁ መሄድ እስከሚችልበት ሄዶ አወረደን፤ የቀረውን በእግር። ሐይቁ ዳር የታጨደ የሩዝ ገለባ ሽታና የእምቦጭ ሽታ ይቀላቀላል። እምቦጩ አበባው ሐምራዊ ነው፤ ልጄ «እንዴት ያምራል!» አለ፤ አጠገባችን የነበሩት ገበሬ የሰጡትን መልስ ለቤተሰብ ዓምድ አይሆንምና እተወዋለሁ። በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ መታየት ከጀመረ ወዲህ በዚህ በምሥራቁ ዳር የሚኖረው ሰው ስንት ቀን ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ እንደነቀለው ራሱ ያውቃል።

ከእምቦጩ ወዲያ አንድ ሰው ከደንገል ታንኳ ይሠራል። ደረቅ ደንገሉን በነዶ በነዶ አስሮ፣ በጉልበቱ እየተጫነ፣ ገመዱን በጥርሱ ሳይቀር ያጠብቃል። አሮጌው ታንኳው ደግሞ ዳር ላይ በጀርባው ተገልብጦ እየበሰበሰ ነው። ልጄ «ለምን አይጠግኑትም?» ብሎ ጠየቀ። ሰውየው ገረመው። ታንኳ ወራት ነው የሚቆየው፤ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይጣላል፣ ሌላ ይሠራል። አያ ቀበል አድርገው «ይኸው፤ ታንኳ ሺህ ዓመት የኖረው አንዱም ታንኳ ስላልተጠበቀ ነው» አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሲናገሩ ሰው ያያቸው እንደሆነ በዓይናቸው ጥግ ይፈትሻሉ።

ከቆምንበት ወደ ደቡብ፣ ከጉማራ ወዲያ፣ ቆራጣ ናት። ጣና የጦር ጀልባ ያየው በእኛ ዘመን ብቻ አይደለም። በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በዘጌና በቆራጣ አካባቢ ሳሉ፣ ያለ እንፋሎት የሚሄድ «የእንፋሎት መርከብ» አሠርተው ነበር። እስረኛ የነበረው ሐኪም ሔንሪ ብላንክ ነው ይህን የጻፈው። ከሥር እንደ ታንኳው ደንገል ነው፤ ከላይ የእንጨት ወለል ተነጥፎበታል፤ በጎንና በጎኑ በእጅ የሚዞር መንኰራኩር አለው። ንጉሡ ስለ መርከብ የሰሙትን ሁሉ በእጃቸው ባለው ዕቃ ሞከሩት ማለት ነው። እንደታሰበው አልሆነም። ጋፋት ላይ ያስቀረጹት መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ፤ ከዚያ ጀልባ ግን አንዲት ስንጥር የለችም። ነሐስ ይቆያል፤ ደንገል አይቆይም። በዚያ ላይ መድፍ መሬት ላይ የትም ቢጣል ይቀመጣል፤ ጀልባ ግን ሰው ካልያዘው ራሱን ያጠፋል።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ለአያ ስለ ጂቢ-21 አነሳሁባቸው። ስለ ኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተጻፉ መዛግብት ላይ አንድ አጭር ነገር አለች፤ ያን ሁሉ መርከብ ቆጥረው ቆጥረው ሲጨርሱ፣ ጂቢ-21 የምትባል አንዲት ትንሽ የቅኝት ጀልባ ወደ መሐል አገር ተወስዳ ጣና ላይ እንደገባች፣ እ.ኤ.አ. በ2009ም የምድር ጦር ወታደሮች ይዘዋት ከባሕር ኃይሉ የተረፈች ብቸኛዋ ጀልባ እንደነበረች ይናገራሉ። ባለ 95 ሜትሯ ለብረት ተሸጠች፤ ሌሎቹ በጨረታ አለቁ፤ ከሁሉም ትንሿ ከባሕር ጠለል በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ገዳማትና ጉማሬ መሐል ተረፈች።

«ዐውቃለሁ» አሉ አያ። ሌላ አልጨመሩም። ዓይናቸው ግን ሐይቁ ላይ ነበር። ጀልባዋን ልናያት አልመጣንም፤ ከናበጋም የሚታየው ውኃና ሰማይ ብቻ ነው። ቢሆንም ለረጅም ጊዜ አዩ። ልጄም አብሯቸው አየ።

የሚያነቃቸው ነገር ፈልጌ ስለ ታንጋኒካ ሐይቅ ነገርኳቸው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1913 አገራቸው ውስጥ አንድ መርከብ ሠርተው፣ መልሰው ፈትተው፣ በሺዎች በሚቆጠር ሣጥን አሽገው ወደ ዳሬ ሰላም ላኩ። ከዚያ በባቡር ኪጎማ ደርሳ ሐይቁ ዳር ተገጣጠመች፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጦር መርከብ ሆነች። እንግሊዞች በበኩላቸው እያንዳንዳቸው 12 ሜትር የሚሆኑ ሁለት ትንንሽ የሞተር ጀልባዎችን ከኬፕታውን በባቡር፣ ከዚያም በእንፋሎት ትራክተርና በበሬ እየጎተቱ ተራራ አሻግረው እዚያው ሐይቅ ላይ አወረዱ። «ሚሚ» እና «ቱቱ» ይባላሉ። (ልጄ ይህን ስም ሲሰማ እዚያው ተንከባለለ። የጦር ጀልባ ሚሚ!) ጀርመኖቹ በ1916 ሲያፈገፍጉ መርከባቸውን ራሳቸው አሰጠሟት። ከማስጠማቸው በፊት ግን መካኒኮቹ ሞተሯን በወፍራም ግሪስ ቀቡት።

አያ ዞር አሉ። «ግሪስ ቀብተው ነው ያሰጠሟት?»

«አዎ። በ1924 እንግሊዞች አወጧት። ከ1927 ጀምሮ 'ሊየምባ' ተብላ ሰውና ጭነት ታመላልስ ነበር።»

«ስምንት ዓመት ውኃ ሥር ተቀምጣ ሞተሯ ተነሳ?»

«ተነሳ።»

እጃቸውን በጭናቸው ላይ መቱ። «እነዚህ መካኒኮች ናቸው! አየህ፤ አለቃው 'አጥፋ' ብሎታል። ያጠፋል። ግን ለሚቀጥለው ሰው ያስቀምጥለታል።» ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ለሚያገኙት ሰው ሁሉ ይህንኑ ነበር የሚነግሩት፤ ለባጃጁ ሾፌር፣ ለሽንኩርት ነጋዴው፣ ለእቴቴ ሁለት ጊዜ።

እንዲህ ያለ ትንሽ ጀልባ እንዴት ይጠበቃል ብዬ ስጠይቃቸው የሰጡኝ ትምህርት ሙዚየም ለሚያቋቁም ሰው ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። ሰው የሚያስበው ጨው ብቻ መርከብ እንደሚበላ ነው። ብረት በእርግጥ ጣፋጭ ውኃ ላይ የተሻለ ዕድሜ አለው። እንጨት ግን ተቃራኒው ነው፤ የሚያበሰብሰው የዝናብ ውኃ ነው፤ ከላይ ገብቶ ጥግ ላይ የሚተኛው። የባሕሩ ጨው እንዲያውም እንጨትን ይጠብቃል። ባሕር ላይ ዝገት ጀልባዋን ትቶ እንዲበላው ከሆዷ ሥር ዚንክ ይታሰርላታል፤ ያንኑ ዚንክ ጣና ላይ ብታስሩት ብዙም አይሠራም፤ ለጣፋጭ ውኃ ማግኒዚየም ነው የሚሻለው። «ባሕረኛ ያልሆነ ሰው ይህን ከየት ያውቃል? ዚንኩን አይቶ 'አለ' ብሎ ያልፋል።» የእንጨት ጀልባን ደግሞ ይረፍ ብለው የብስ ላይ ቢያወጡት ሳንቃው ደርቆ ይከፈታል፤ በሁለት በጋ ወንፊት ይሆናል። ጣራ ያስፈልገዋል። ከሥሩ ክብደቱን እኩል የሚይዝ መቀመጫ ያስፈልገዋል። ከሁሉ በላይ በየሳምንቱ ገብቶ ውኃ የሚጠልቅ፣ ሞተሩን በእጁ የሚያዞር ሰው ያስፈልገዋል።

ሌሎች አገሮችም ቢሆኑ ትንንሾቹን ያተረፏቸው አስበውበት አይደለም። የጦር መርከብ ሰላም ሲሆን አይፈለግም፤ ትንሹ ደግሞ ከእንጨት ስለሚሠራ ቶሎ ይበሰብሳል። የተረፈው ሌላ ሥራ ያገኘው ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ከዳንኬርክ ወታደር ያወጣችው የእንግሊዞቹ ኤምቲቢ 102 ከጦርነቱ በኋላ የግለሰብ ጀልባ ሆነች፤ ኋላም የባሕር ስካውት ልጆች እጅ ገብታ ነው እስከ ዛሬ የምትንሳፈፈው። በ1944 ሜዲትራኒያን ላይ የተዋጋችው የአሜሪካኖቹ ፒቲ-305 ደግሞ ለዓመታት ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ምግብ አመላለሰች፤ ጅራቷንም ቆርጠው አሳጠሯት። ኒው ኦርሊንስ ያለው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሙዚየም ካገኛት በኋላ በጎ ፈቃደኞች ዓመታት ፈጅተው አደሷት፤ ከብዙዎቹ አዳሾች ጸጉር ሽበቱ ይበልጥ ነበር። ከእድሳቱ በኋላ ሞተሯ ተነሳ።

እኔ ብጠየቅ፣ ጂቢ-21ን የመሰለች ጀልባ ቦታዋ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ የሐይቁ ዳርቻ ላይ፣ ጥሩ ጣራ ሥር ነው እላለሁ። ሰው ለመርከብ ግድ የለውም የሚለኝ ካለ በ2017 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ፤ «ጣናነሽ 2» ከጅቡቲ ወደብ ተነስታ በከባድ መኪና ተራራ ለተራራ ስትመጣ አገሩ ሁሉ ዛሬ የት ደረሰች እያለ ሲከታተል አልነበረም? ያቺ አዲስ ናት፤ ሰው ልታመላልስ ነው የመጣችው። ይህችኛዋ ደግሞ ከዚያው ባሕር የመጣች አሮጊት ናት። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት ከፈረንሳይ ጋር ተስማምቶ ባሕር ኃይሉን መልሶ ማደራጀት ሲጀምር ብዙ ወጣት ነጭ የደንብ ልብስ ለብሶ አየን። እነዚያ ልጆች የሚዳስሱት አንድ አሮጌ ብረት ቢኖራቸው አይከፋም።

ግን አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ። የጦር ጀልባ ጌጥ አይደለም። ምጽዋ ላይ ያለቀው ወጣት በሁለቱም ወገን የእናት ልጅ ነበር፤ ከጀልባዋ አጠገብ በምትሰቀለው ሰሌዳ ላይ ምን ይጻፍ ቢሉኝ ብዕሬ ይቆማል። ለአያ ይህንን ስነግራቸው ብዙ ዝም አሉ። በመጨረሻ «የሞተሩን ዓይነት ጻፉ፤ የተሠራበትን ዓመት ጻፉ፤ የሞቱትን ስም ጻፉ። ሌላውን የሚያነበው ይጨርሰው» አሉኝ።

ማታ እራት ከበላን በኋላ ወደ ጓዳ ገብተው የሩዝ ጆንያ ውስጥ እጃቸውን ከትተው አንድ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሩዝ እርጥበት ይመጥጣል። ለዚህ ነው እዚያ የሚያስቀምጡት። ፌስታሉ ሲፈታ ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያለው ሰፊ መዝገብ ወጣ፤ ጠርዙን ምስጥ ቀምሶታል።

የሞተር መዝገብ ነው። ቀን፣ የሠራበት ሰዓት፣ የዘይት ግፊት፣ ሙቀት፣ አስተያየት። ገጽ በገጽ፣ በአያ የወጣትነት እጅ ጽሑፍ፣ በዘይት ጣት አሻራ የታተመ። «የግራው ሞተር ጭስ ያበዛል።» «ፓምፕ ተቀየረ።» «ሙሉ ሌሊት፤ ችግር የለም።» ጦርነት የሚል ቃል የትም የለም። የመጨረሻው መስመር ግንቦት 1983 ነው፤ አስተያየቱ ላይ «ዘይት መቀየሪያው ደርሷል» ይላል።

«የመን ስንወርድ ሰው ሁሉ የሚይዘውን ያዘ» አሉ አያ። «ብርድ ልብስ የያዘ አለ፤ ራዲዮ የያዘ አለ። እኔ ይችን። የምንመለስ መስሎኝ ነበራ። ዘይቱን ሳልቀይር ሌላ ሰው ቢያስነሳብኝስ ብዬ።»

ገጹን ገለጥኩ። ከግንቦት 1983 ቀጥሎ ያለው ገጽ 1987 ይላል። ዓምዱ ያው ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ዘይት፣ ሙቀት፣ አስተያየት። «የርብ ማዶው ገበሬ ሞተር፤ ራሱ ተቃጥሏል።» ከዚያ በኋላ እስከ ዛሬ ድረስ ፓምፕ ነው፤ ዓመት በዓመት፣ ጥር በጥር። ቀለሙ ከሰማያዊ ወደ ጥቁር ይቀየራል፤ ጽሑፉ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል።

የጠሩኝ ለዚህ ነበር። ልጆቻቸው ወረቀቱን እንደ ቆሻሻ ነው የሚያዩት፤ እሳቸው ደግሞ ዓይናቸው እየደከመ ነው። «የሚቀበለን ቤተ መዘክር ካለ ፈልግልኝ ብዬ ነበር» አሉኝ። ባሕር ኃይሉ ራሱ ሊፈልገው እንደሚችል፣ ካልሆነም ባሕር ዳርም አዲስ አበባም የሚጠየቅ ቦታ እንዳለ ነገርኳቸው። ያንኑ ሌሊት በስልኬ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አነሳሁ፤ ልጄ ኩራዝ እንደሚይዝ ሰው የእጅ ባትሪውን ያዘልኝ፤ መብራት ጠፍቶ ነበር። ሐሳባቸው ግን ከነገሩኝ ወዲህ ተለውጦ ነበር። «ግማሹ የመርከብ ነው፣ ግማሹ የሽንኩርት። የመርከቡን ብቻ ቀደን እንውሰድ ቢሉስ?»

አይሉም አልኳቸው። ቢሉም እንዳይሰጡ ነገርኳቸው።

ጠዋት ልንነሳ ስንል አንድ ገበሬ በአህያ ሞተር ጭኖ መጣ። አያ ሚኒባሱን ረስተው ተንበረከኩ። ልጄም አጠገባቸው። ሻማውን ፈቱት፣ ጠረጉት፣ ጋዙን አዩ፤ አያ የልጄን እጅ ይዘው ገመዱ ላይ አደረጉት። በሦስተኛው ሲጎትት ተነሳ። ዋንዛው ላይ ያሉ ወፎች ሁሉ በረሩ።

«ጻፍ» አሉት አያ፤ መዝገቡን ዘርግተው፣ ብዕሩን ሰጥተው። «ቀን።»

ጻፈ።

«ዘይት፤ ሙሉ። ሙቀት፤ ደህና።»

«አስተያየት የሚለው ላይስ ምን ልበል?»

አያ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ አዳመጡ።

«ችግር የለም በል።»